38 ቀድታችሁ 175 ሲያዝባችሁ፦ የፓምፕ ሆልድ ከካሼሩ መስታወት ጀርባ

አሜሪካ ውስጥ ጋዝ ስቴሽን (ነዳጅ ማደያ) ሺፍት የሚሠራ ሰው በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው አቤቱታ አለ። ደንበኛው የስልኩን ስክሪን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። የባንኩ አፕ ተከፍቷል፤ ከጣቢያው ስም ትይዩ 175.00 ይላል። «እኔ የቀዳሁት 38 ዶላር ነው፤ የቀረውን መልሱልኛ!» ካሼሩ በበኩሉ የራሱን ስክሪን ያያል፤ እሱ ዘንድ ያለው 38.12 ብቻ ነው። መሳቢያው ውስጥ የሚመለስ 136 ዶላር ከምናምን የለም።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ላይ ከመስታወቱ ወዲህም ወዲያም ያለው ሐበሻ ሲሆን ጭቅጭቁ በአማርኛ ይቀጥላል። «ወንድሜ፣ እኛ አልወሰድነውም።» «እና ማን ወሰደው?» ወረፋው እየረዘመ ለዚህ ጥያቄ በሁለት ደቂቃ መልስ መስጠት ስለማይቻል እዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሱቅ ውስጥ ካርድ የሚገባው ዕቃው ተደምሮ ካለቀ በኋላ ነው። ፓምፕ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ካርዱ፣ ቀጥሎ ቤንዚኑ፣ ሒሳቡ መጨረሻ ላይ። ማሽኑ ካርዱን ሲያነብ ከፊቱ የቆመው 11 ጋሎን የምትይዝ ፕሪየስ ትሁን ወይም 36 ጋሎን የሚውጥ ፒክአፕ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ለካርዱ ባንክ «ይህ ሰው እስከዚህ ድረስ መክፈል ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ «ይችላል» ካለ ያንን መጠን ከአካውንቱ ውስጥ ለይቶ ያስቀምጠዋል። ሆልድ የሚባለው ይሄ ነው። ገንዘቡ ከባንካችሁ አልወጣም፣ ጣቢያውም እጅ አልገባም፤ እናንተ ግን ልታዙበት አትችሉም። «ማን ወሰደው?» ለሚለው መልሱ እንግዲህ ማንም አልወሰደውም፣ የራሳችሁ ባንክ ይዞታል ነው። ካሼሩ ሊመልሰው የማይችለውም ለዚህ ነው፤ በእጁ የሌለውን ገንዘብ ከየት አምጥቶ ይመልሳል?

አዲስ አበባ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ በቴሌብር ሲከፍል ቆይቶ የመጣ ሰው ይህ ነገር ግር ይለዋል። እዚያ የሚከፈለው በታወቀ መጠን ላይ ስለሆነ ከስልኩ የሚወጣው የተባለው ብር ብቻ ነው።

የሚያዘው መጠን ከጣቢያ ጣቢያ ይለያያል። አንዱ ጋ 1 ዶላር ነው፤ ሌላው ጋ 75፣ 100፣ 125 ወይም 175። ቪዛና ማስተርካርድ የሚፈቅዱት ጣሪያ 125 ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የቤንዚን ዋጋ ሲንር፣ ጁን ላይ አገራዊ አማካዩ በጋሎን 5 ዶላር ባለፈበት ዓመት ማለት ነው፣ ጣሪያው 175 ሆነ። ዋጋው ከወረደ በኋላም 175 ላይ የቀሩ ጣቢያዎች ሞልተዋል። በዚህ ላይ ባንኩም የራሱ ውሳኔ አለው፤ ጣቢያው የጠየቀው 1 ዶላር ሆኖ ባንኩ በራሱ መመሪያ ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ፓምፕ ላይ ተከታትለው ቀድተው የአንዱ አፕ 1 ዶላር፣ የሌላው 100 ቢያሳይ የሚያስገርም አይደለም።

1 ዶላሩ ደግሞ ጥሩ ዜና ይመስላል እንጂ የራሱ ወጥመድ አለው። ባንኩ ካርዱ የሚሠራ መሆኑን ብቻ አረጋግጦ ስለሚያልፍ የባላንሳችሁ መልክ አይለወጥም፤ 42 ዶላር ቀድታችሁ አፑ የሚያሳየው የ1 ዶላር ቅናሽ ነው። እንግዲህ ገንዘቡ አለኝ ብሎ ማታ ግሮሰሪ የገዛበት ሰው በማግስቱ 42ቱ ሲመጣ አካውንቱን ባዶ ያገኘዋል። ስለዚህ በ1 ዶላር ሆልድ ቀን ባላንሱን ማመን የለም፤ ደረሰኙን ይዞ በራስ ሒሳብ መቀነስ ነው።

ሆልዱ የሚጎዳችሁ ወይም የማይጎዳችሁ በያዛችሁት ካርድ ዓይነት ነው። ክሬዲት ካርድ ላይ የሚነካው የቀረላችሁን የመበደር ጣሪያ ብቻ ነው። ጣሪያችሁ 5,000 ከሆነ 175ቱ መጥቶ መሄዱን እንኳ አታዩትም፤ ወለድም አይታሰብበትም። አዲስ የመጣ ሰው ክሬዲት ለመገንባት 200 ዶላር አስይዞ የሚያወጣው ሴኪዩርድ ካርድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋት ሲቀዳ 175 ይያዝበትና ማታ ግሮሰሪ ላይ ካርዱ ዲክላይን ያደርጋል፣ ክፍያው አይፈቀድም፤ የቀረው 25 ዶላር ብቻ ነዋ። ካርዱ የተበላሸ መስሎት ሌላ የሚያመለክትም አለ።

ዴቢት ላይ ነው ነገሩ የሚከረው፤ የተያዘው የኪራይና የኢንሹራንስ ገንዘባችሁ ነውና። በቁጥር እንየው። ሐሙስ ማታ አካውንታችሁ ውስጥ 240 አለ። 38.12 ቀዳችሁ፣ 175 ተያዘ። አፑ ላይ ሁለት ባላንስ ይታያል፤ አንዱ ያላችሁ ነው፣ ሌላው ልታዙበት የምትችሉት፣ አቬይለብል የሚባለው። አቬይለብሉ አሁን 65 ሆኗል። ሆልዱ ሳይለቀቅ ዓርብ ጠዋት የመኪና ኢንሹራንስ አውቶፔይ (በየጊዜው በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ) 120 ሊቆርጥ ይመጣል። በእውነቱ 201.88 ስላላችሁ ከበቂ በላይ ነው፤ ብዙ ባንኮች የሚያዩት ግን አቬይለብሉን ነው። ወይ ክፍያውን ይመልሱታል፣ ወይ ከፍለው የኦቨርድራፍት (ካላችሁ በላይ የማውጣት) ቅጣት ይጥሉባችኋል። የቤንዚኑ ነገር ከተረሳ በኋላ ሦስተኛ ቦታ ላይ የሚፈነዳ ችግር ስለሆነ ብዙ ሰው ከፓምፑ ጋር አያያይዘውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የፌዴራል ደንብ ባንክ በዴቢት ካርድ ግዢና በኤቲኤም ላይ የኦቨርድራፍት ቅጣት ለማስከፈል አስቀድሞ ፈቃዳችሁን ማግኘት አለበት። ፈቃድ ካልሰጣችሁ ካርዱ ዲክላይን ያደርጋል እንጂ ቅጣት የለም። ደንቡ ቼክንና ከአካውንት በቀጥታ የሚቆረጠውን አውቶፔይ ግን አይሸፍንም። ከላይ ያለው የኢንሹራንስ ምሳሌ የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። አካውንት ስትከፍቱ ያንን ፈቃድ ሰጥታችሁ እንደሆነ አታስታውሱ ይሆናል፤ ባንኩን ጠይቃችሁ ማስነሳት ትችላላችሁ።

ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞችና እህቶች በዚህ ይበልጥ ይጎዳሉ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀዳ ሰው ሁለተኛውን ሲቀዳ የመጀመሪያው ሆልድ ካልተለቀቀለት 350 ዶላር ታስሮበታል። የቀን ገቢው የሚገባው በዚያው ዴቢት ካርድ ከሆነ ደግሞ ሲሠራ የዋለውን ነው የታሰረበት።

ሆልዱ እንዴት ይለቀቃል? ቱቦውን መልሳችሁ ስትሰቅሉ ፓምፑ ሽያጩን ይዘጋና የመጨረሻውን ልክ፣ ማለትም 38.12ን፣ ለባንኩ ይልካል። ነገሩ ሁሉ በደንብ ከሄደ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ደርሶ 175ቱ በ38.12 ይተካል። በዴቢት ፒን መትታችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይፈጥናል። ያንኑ ዴቢት ካርድ «ክሬዲት» ብላችሁ በዚፕ ኮድ (በአድራሻችሁ የፖስታ ቁጥር) ካለፋችሁት መዘግየቱ ይበዛል። ጠቅላላ ሒሳቡን ቀኑ ሲያልቅ በአንድ ላይ የሚልክ ጣቢያም አለ። ባንኩ ደግሞ ሒሳብ የሚያወራርደው በሥራ ቀን ነው፤ ዓርብ ማታ የተያዘ እስከ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሊቆይ ይችላል። ዝናብና ማዕበል ባለበት ቀን የጣቢያው መስመር ከተቋረጠ ልኩ እዚያው ማሽን ላይ ተቀምጦ መስመሩ ሲመለስ ነው የሚሄደው። በጥቅሉ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ጥቂት ቀናት ነው።

በእናንተ እጅ ያለው ድርሻ ሽያጩ በትክክል እንዲዘጋ ማድረግ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ፓምፕ 4 ላይ ካርድ አስገባችሁ፣ ተፈቀደ፣ ቱቦውን አነሳችሁ፤ ቤንዚኑ ግን አይወርድም ወይም ጠብ ጠብ ይላል። ተናዳችሁ መኪናውን ወደ ፓምፕ 7 ታዞራላችሁ። ፓምፕ 4 ሆልድ ይዟል፤ ፓምፕ 7ም ሌላ ይይዛል። ባዶው ሽያጭ በትክክል ካልተሰረዘ አንደኛው 175 ያለ ምንም ቤንዚን ለቀናት ታስሮ ይቀራል። ፓምፕ ከመቀየራችሁ በፊት ቱቦውን ስቀሉ፣ የመሰረዣውን ቀይ ቁልፍ ተጫኑ፣ ስክሪኑ ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ እስኪመለስ ጠብቁ። «ደረሰኝ ትፈልጋለህ?» ካለ አዎ በሉት፤ 0.00 የሚል ወረቀት በኋላ ከባንክ ጋር ስትነጋገሩ ወርቅ ነው።

ትልልቅ መኪና ያላችሁ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። ፓምፑ 100 ወይም 125 ላይ ሲደርስ ታንኩ ሳይሞላ ቀጥ ይላል። አልተበላሸም፤ ጣቢያው ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። ካርዱን ደግማችሁ ብታስገቡ ይቀጥላል፣ ግን ሁለተኛ ሆልድ ይከፈታል። ባንኩም በአምስት ደቂቃ ውስጥ በአንድ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ሲያይ ስርቆት ነው ብሎ ሊጠረጥርና ካርዱን ሊዘጋ ይችላል።

ቱቦውን ለሌላ ሰው አታስይዙ። «ልስቀልልህ ወንድሜ» ብሎ የሚጠጋ፣ ወይም ፓምፑን አስተካክልልሃለሁ የሚል ሰው ቱቦውን ሳይሰቅል ሽያጩን ክፍት ያቆየዋል፤ እናንተ ስትወጡ በእናንተ ካርድ ለሌላ መኪና ይቀዳና ጥሬ ገንዘቡን ይቀበላል። የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ቱቦው ከተሰቀለ በኋላ ስክሪኑ ሽያጩን ዘግቶ ሲመለስ በዓይናችሁ እዩና ሂዱ።

ሆልድን ከነጭራሹ የሚያስቀረው መንገድ ገብቶ ካሼሩ ጋ መክፈል ነው። ካርድ ብትከፍሉም እንኳ መጠኑን እናንተ ስለምትናገሩ ባንኩ የሚጠየቀው ያንኑ ብቻ ነው። «ፓምፕ 6 ላይ 30» ይበቃል። የፓምፑን ቁጥር ሳያዩ መግባት የተለመደ ነው፤ «ያቺ ነጭ ኮሮላ» ሲባል ውጭ ሦስት ነጭ ኮሮላ ቆማለች።

እዚህም ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። 30 ከፍላችሁ ታንኩ በ26.45 ቢሞላ የቀረው 3.55 ምን ይሆናል? በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ ተመልሳችሁ ትቀበላላችሁ። በካርድ ከሆነ የአንዳንዱ ጣቢያ ማሽን በራሱ 26.45 ላይ ይዘጋዋል። የሌላው ግን 30ውን ሙሉ ቆርጦ 3.55ን እንደ ተመላሽ ለብቻ ይልካል፤ ለዚያውም በዚያው ካርድና ደረሰኝ ተመልሳችሁ ስትጠይቁ ብቻ ነው። ተመላሹ አካውንታችሁ እስኪገባ ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው ትንሽ ዝቅ አድርጎ መናገር ይሻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 11 ጋሎን የሚይዝ ታንክ ጌጁ ግማሽ ላይ ከሆነ የሚወስደው 5.5 ጋሎን ገደማ ነው። ጋሎኑ 3.30 ከሆነ 18.15 ይመጣል። 20 ሳይሆን 18 በሉ። ጌጅ ሁልጊዜ እውነት አይናገርም፤ ሁለት ሦስቴ ከቀዳችሁ በኋላ የመኪናችሁን ጠባይ ታውቁታላችሁ።

ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ምልክቱ ላይ ሁለት ዋጋ ተጽፎ ካየ ዝቅ ያለው የእሱ ነው፤ በጋሎን 10 ሳንቲም ገደማ ልዩነት የተለመደ ነው። ዴቢት ካርድን እንደ ጥሬ ገንዘብ የሚቆጥር ጣቢያም አለ፣ እንደ ክሬዲት የሚቆጥርም አለ። ሳትቀዱ መጠየቅ ነው። ኮስትኮ ላይ ግን ገብቶ የሚከፍሉበት ካሼርም የለም፣ ጥሬ ገንዘብም አይቀበሉም፤ ሁሉም ነገር ፓምፑ ላይ ነው።

ፕሪፔይድ (አስቀድሞ ገንዘብ የተሞላበት) ካርድ ወይም ትንሽ ገንዘብ ያለበት ዴቢት የያዘ ሰው ፓምፑ ላይ ሁለት ነገር ሊገጥመው ይችላል። ካርዱ ላይ 60 ዶላር እያለ፣ 20 ለመቅዳት ፈልጎ፣ ማሽኑ 100 ስለጠየቀ ዲክላይን ያደርጋል። ወይም ባንኩ ያለውን ያህል ብቻ ይፈቅድና ፓምፑ እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ይቆማል። በሁለቱም ካርዱ ጤነኛ ነው። እየደጋገሙ ማስገባት ግን አይጠቅምም፤ በቀጥታ ወደ ውስጥ መግባት ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ ለጉብኝት የመጣ ሰው ካርዱ ዚፕ ኮድ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እዚያው ይወድቃል፤ አድራሻው አሜሪካ ውስጥ ስላልሆነ የሚመሳከር ዚፕ የለውም። ለእሱም መፍትሔው ያው የካሼሩ መስኮት ነው። መኪና ተከራይቶ ከሆነ ደግሞ አከራዩም በዚያው ካርድ ላይ የራሱን ሆልድ ይዞበታል። ከመመለሱ በፊት ታንኩን ሊሞላ ሲል ሁለቱ ተደራርበው ካርዱን ሊዘጉበት ስለሚችሉ ለቤንዚኑ ሌላ ካርድ ወይም ጥሬ ገንዘብ መያዝ አለበት።

የትኛውን ካርድ የት? የእኔ ምክር እንዲህ ነው። በቂ ጣሪያ ያለው ክሬዲት ካርድ ካላችሁ ፓምፑ ላይ እሱን በታፕ፣ ማለትም ሳታስገቡ በማስነካት፣ ተጠቀሙ። ዴቢቱን ለውስጥ አቆዩት። ፒን ፓምፕ ላይ መምታት ሆልዱን ያፋጥነዋል ብያለሁ፣ እውነት ነው። ነገር ግን የካርድ መረጃ የሚሰርቁ ሌቦች ማሽን መደበቅ የሚወዱት ከካሼሩ ርቆ ጥግ ላይ ያለው ፓምፕ ውስጥ ነው። የተሰረቀ ክሬዲት የባንክ ክርክር ነው፤ የተሰረቀ ዴቢትና ፒን ግን የኪራይ ገንዘብ ነው። ታፕ የሌለው ፓምፕ ከሆነ ካርድ ማስገቢያውን ያዝ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ ወይም በሩ ላይ ያለው የማሸጊያ ስቲከር ተቀዶ ከሆነ ለካሼሩ ንገሩና ሌላ ፓምፕ ሂዱ።

አሁን ነገሩ ደርሶባችሁ አፑ ላይ 175 እያያችሁ ከሆነ መጀመሪያ ከጎኑ «ፔንዲንግ» (ገና ያልተጠናቀቀ) ይላል ወይስ «ፖስትድ» (ተቆርጦ ያለቀ) የሚለውን ለዩ። ፔንዲንግ ከሆነ ሆልድ ነው፤ መውደቁ አይቀርም። አንዳንድ ጊዜ 175 ፔንዲንግና 38.12 ፖስትድ ጎን ለጎን ይታያሉ፣ ሁለቴ የተከፈለ ያስመስላል። የመጨረሻው ልክ ሲመጣ ባንኩ ከሆልዱ ጋር አላገጣጠመውም ማለት ነው፤ 38.12ቱ ይቀራል፣ 175ቱ ጊዜው ሲያልፍ ይወርዳል። መጠበቅ የማትችሉ ከሆነ ካርዱ ጀርባ ወዳለው ስልክ ደውላችሁ «ጋዝ ስቴሽን ኦውቶራይዜሽን ሆልድ፣ ፕሊስ ሪሊዝ ኢት» በሉ። ሰዓቱን፣ የፓምፑን ቁጥር፣ የመጨረሻውን ልክና ደረሰኙ ላይ ያለውን ባለ 6 ፊደልና ቁጥር ማረጋገጫ ኮድ አዘጋጁ። አንዳንድ ባንክ በዚያው ይለቃል። አንዳንዱ ጣቢያው እንዲያረጋግጥለት ይፈልጋል፤ ያኔ ማናጀር በሚኖርበት ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን ላይ፣ ጣቢያው ውስጥ ሆናችሁ ባንኩን ደውሉና በስፒከር አገናኟቸው። የሌሊት ካሼር በራሱ ሊያደርግ የሚችለው ደረሰኝ ደግሞ ማተም ብቻ ነው።

175ቱ ፖስትድ ከሆነ ግን ሆልድ አይደለም፣ ስህተት ነው። ያኔ ደረሰኙን ይዛችሁ ባንኩ ላይ ክርክር ክፈቱ። ለክሬዲትም ለዴቢትም ስህተቱ የታየበት ስቴትመንት ከተላከላችሁ ጀምሮ 60 ቀን አላችሁ።

ፓምፑ ወረቀት ጨርሶ ደረሰኝ ካላወጣ ሳትሄዱ ግቡና አሳትሙ፤ በዚያው ቀን ከማሽኑ በቀላሉ ይወጣል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ፍለጋ ነው። ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱት። ያ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ጽሑፉ ይጠፋል፤ ባንኩ በጠየቃችሁ ቀን ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።